የፓርኪንግ ሳንቲማችን የት ይገባል?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ አንዱን መንገድ አራት ጊዜ ዞርኩት። ጓደኞቼ ክትፎ አዘው እየጠበቁኝ ነው፣ ስልኬ በየደቂቃው ይጮሃል። በአራተኛው ዙር አንድ ሰው ሊወጣ ሲል አየሁና ኋላው ቆሜ ጠበቅኩት። ገባሁ። መንገድ ዳር ለቆመው የማቆሚያ ማስከፈያ ማሽን፣ ለሜትሩ፣ በካርድ ከፈልኩ። ከመኪናዬ እስከ ምግብ ቤቱ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ መብራት የለም። ኮንክሪቱ በዛፍ ሥር ተገፍቶ ተነስቷል። አንዲት እናት የልጅ ጋሪዋን ይዛ አስፋልቱ ላይ ወርዳ ትገፋለች፣ ከኋላዋ ያለው መኪና ክላክስ ያደርግባታል። ያኔ ቆም ብዬ አሰብኩ። አሁን የከፈልኩት ብር የት ነው የሚገባው?

ይሄ ጥያቄ አብሮኝ የቆየ ነው። አሜሪካ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ፓርኪንግ ነበር። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ከአንድ የቢሮ ህንጻ ሥር ባለ ጋራዥ። ዲሲ የኖረ ሐበሻ ይሄን ሕይወት ያውቀዋል፣ ራሱ ባይሠራ አጎቱ ወይ ወንድሙ ሠርቷል። ክረምት ላይ ትንሿ ዳስ ውስጥ ማሞቂያዋን እግሬ ሥር አድርጌ፣ ቲኬት እየሰጠሁ፣ ቁልፍ እየተቀበልኩ፣ ሰው ለአንዲት የመኪና ቦታ ምን ያህል እንደሚከፍልና በምን እንደሚናደድ አራት ዓመት ሙሉ አየሁ። ሰው በዋጋው ብቻ አይናደድም። ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ላይ ያቆመ ሰው ሂሳቡን ሲያይ ይጮሃል፣ ደረቁ ቦታ ላይ ያቆመው ግን ያንኑ ሂሳብ ዝም ብሎ ይከፍላል። ለከፈለው ብር ምን እንዳገኘ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል።

አሁን እንድጽፍ ያነሳሱኝ ግን እትዬ ናቸው። እትዬ በሰፈራችን እንጀራና ቅመማ ቅመም የሚሸጡ፣ ከጎን ቡና የሚያፈሉ፣ ሁላችንም እንደ እናት የምናያቸው ሴት ናቸው። ሜትሩ የሚያልቀው ሱቃቸው ጋ ለመድረስ አንድ ብሎክ ሲቀረው ነው። ሰሞኑን ወደ እሳቸው ብሎክም ሊመጣ ነው የሚል ወረቀት በፖስታ ደረሳቸው። ናና አንብብልኝ ብለው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ከመጣ እኔ አለቀልኝ» አሉ። «ለአንድ ፌስታል እንጀራ ብሎ ማን ሜትር ይከፍላል? ሰዉ ወደ ትልቁ ሱፐርማርኬት ነው የሚሄደው። እዚያ ማቆሚያው በነጻ ነው።»

«እትዬ፣ እስቲ ይውጡና አብረን እንይ። አሁን ፊት ለፊትዎ ከቆሙት ውስጥ የደንበኛ መኪና የትኛው ነው?»

ወጥተን ቆጠርን። ዘጠኝ መኪና። ሁለቱ የፀጉር ቤቱ ሠራተኞች ናቸው። አንዱ የጥፍር ቤቷ ባለቤት። አንዱ ጎማው ተንፍሶ ሳምንት ያለፈው። አንዷ የራሳቸው የእትዬ ቶዮታ ናት፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልተነሳች። ሦስቱን አላወቅናቸውም። በእርግጠኝነት ደንበኛ ብለን የለየነው አንድ ብቻ ነው። እትዬ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ እኔስ የት ላቁማት?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እመለስበታለሁ።

የዚያን ቀን ቡናው እስኪፈላ ስለ ፓሳዲና ነገርኳቸው። ለእናንተም ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፓሳዲና ከሎስ አንጀለስ መሃል በስተሰሜን ምሥራቅ አሥር ማይል ገደማ ናት። ጃንዋሪ 1 ጠዋት በቲቪ የሚተላለፈውን የአበባ ሰልፍ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሰልፉ የሚያልፍበት ኮሎራዶ ቡሌቫርድ ይባላል። የመንገዱ ምዕራባዊ ክፍል ያለበት ሰፈር ኦልድ ፓሳዲና ነው፣ የከተማዋ የድሮ ገበያ። ዛሬ ማታ ሄዳችሁ ብታዩት ሰው በሰው ነው። በ1970ዎቹ ግን ህንጻዎቹ ያረጁ፣ ግማሹ ሱቅ የተዘጋ፣ ከመሸ ሰው የማያልፍበት ሰፈር ነበር። ከተማው ያሮጌውን አፍርሶ በአዲስ የመተካት ሐሳብ ነበረው። ኮሎራዶ ላይ ሦስት ታሪካዊ ብሎኮችን አፍርሶ በ1980 ፕላዛ ፓሳዲና የሚባል ትልቅ የገበያ ማዕከል እንዲሠራ አደረገ፣ ማቆሚያው ነጻ የሆነ፣ 41 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ድጎማ የገባበት። የቀሩትን የድሮ ህንጻዎች ግን ነዋሪው ተሟግቶ አዳናቸው፣ በ1983 በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገቡ።

ህንጻ ማዳንና ገበያ ማምጣት ግን ለየቅል ናቸው። ኦልድ ፓሳዲና መንገድ ላይ ሜትር አልነበረም። ሁለት ሰዓት በነጻ ማቆም ይቻላል። ታዲያ ማን ያቆም ነበር መሰላችሁ? አብዛኛውን ቦታ ቀድመው የሚይዙት እዚያው የሚሠሩት ናቸው። ጠዋት መጥተው ያቆማሉ፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ወጥተው መኪናቸውን አንቀሳቅሰው ይመለሳሉ። ገዢው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ቦታ ሲያጣ ይሄዳል። የእትዬ ዘጠኝ መኪኖች ማለት ነው።

ከተማው ሜትር ልትከል አለ። ነጋዴው አይሆንም አለ። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። የነጋዴው ፍርሃት የእትዬ ፍርሃት ነው፣ ቃል በቃል፤ ያለው ጥቂት ደንበኛም ነጻ ማቆሚያ ወዳለበት ይሸሻል የሚል። ነገሩን የፈታው ከተማው ያቀረበው አንድ ሐሳብ ነው። ከሜትሩ የሚገኘው ብር በሙሉ እዚሁ ኦልድ ፓሳዲና ላይ ይውላል፣ ወደ ሌላ አይሄድም። የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ ዛፍ፣ ጽዳት፣ ጥበቃ። ይሄን ሲሰሙ ነጋዴዎቹ ተገለበጡ። ሜትሩን ሲቃወሙ የነበሩት ሰዎች ሜትሩ ማታም እሑድም ይሥራ የሚለውን ተቀበሉ። በ1993 ሜትሮቹ ተተከሉ፣ ዋጋው በሰዓት 1 ዶላር፣ ለዚያ ጊዜ ውድ የሚባል።

ቀጥሎ የመጣው ነው ከሁሉም በላይ የምወደው። ሳንቲም እስኪጠራቀም ቢጠበቅ ኖሮ የተሰነጠቀው መንገድ አሥር ዓመትም ይቆይ ነበር። ነጋዴው በየቀኑ ሜትር እያየ፣ ለውጥ ሳያይ፣ በሁለተኛው ዓመት ይነሳባቸው ነበር። ስለዚህ ከተማው 5 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረ፣ ዕዳው ከሜትሩ ገቢ እንዲከፈል አድርጎ። እትዬ ይሄን ሳስረዳቸው ወዲያው ገባቸው። «የመጀመሪያውን ዕጣ አወጡ በለኛ!» አሉኝ። በትክክል እሱ ነው። ዕቁብ ውስጥ መጀመሪያ የደረሰው ሰው ብሩን በአንዴ ወስዶ ቤቱን ያድሳል፣ ከዚያ በየሳምንቱ ይጥላል። ኦልድ ፓሳዲናም ያወጣችውን ዕጣ መንገዷ ላይ አፈሰሰችው። የድሮ ቅርጽ ያላቸው የመንገድ መብራቶች ቆሙ። ዛፎች ተተከሉ፣ ሥራቸው ንጣፉን እንዳያነሳው የብረት ፍርግርግ ተደረገላቸው። አግዳሚ ወንበርና የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ተቀመጠ። በሱቆቹ ጀርባ ያሉት፣ ቆሻሻ ይደፋባቸው የነበሩ ጠባብ መተላለፊያዎች ጸድተውና መብራት ገብቶላቸው ሰው የሚያልፍባቸው፣ ምግብ ቤት በር የሚከፍትባቸው ሆኑ።

ብሩን በተመለከተ ሌላም ነገር አደረጉ። ነጋዴዎችና የህንጻ ባለቤቶች ያሉበት አማካሪ ቦርድ ተቋቋመ። ብሩ በምን በምን ላይ ይዋል የሚለውን እነሱ ያያሉ፣ ለከተማው ምክር ቤት፣ ለካውንስሉ፣ ሐሳብ ያቀርባሉ። ዕቁብ ያለ ዳኛ አይሄድም፣ ይሄም እንደዚያው ነው። በ2001 አካባቢ ወደ 690 የሚጠጉት ሜትሮች ወጪያቸው ተቀንሶ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገቡ ነበር። ከዚያ የቦንዱ ዕዳ ይከፈላል፣ ከተረፈው መንገዱ በየቀኑ ይጠረጋል፣ የእግረኛው ንጣፍ በእንፋሎት ይታጠባል። የሰፈሩ የሽያጭ ግብርም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነጻ ማቆሚያ ያለውን ፕላዛ ፓሳዲናን አለፈው። ፕላዛ ፓሳዲና ራሱ ፈርሶ በ2001 ወደ መንገዱ በተከፈተ ሌላ የገበያ ቦታ ተተካ።

ሁሉንም ያደረገው ሜትሩ ነው እያልኩ አይደለም። የዳኑት ህንጻዎች ባይኖሩ፣ ሲኒማና ምግብ ቤት ባይከፈት፣ መብራት ብቻውን ሰው አያመጣም። ነገር ግን መብራት የሌለበትና ሽንት የሚሸት መንገድ ላይ ማን ምግብ ቤት ይከፍታል?

ይሄን ታሪክ ለዓለም ያስተዋወቀው ዶናልድ ሹፕ ነው፣ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የከተማ ፕላን ፕሮፌሰር የነበረ፣ በፌብሩዋሪ 2025 ያረፈ። ሕይወቱን በሙሉ ስለ መኪና ማቆሚያ ያጠና፣ ራሱ ግን በብስክሌት ይመላለስ የነበረ ሰው ነው። ሹፕ ከዩኒቨርሲቲው ጎን ያለችውን ዌስትዉድ ቪሌጅን ከኦልድ ፓሳዲና ጋር ያነጻጽር ነበር። ዌስትዉድ ቀድማ የደመቀች ሰፈር ነበረች። ገበያ ሲቀዘቅዝ ነጋዴዎቹ ጥፋቱን በሜትሩ ላይ አደረጉ፣ በ1994 ዋጋው ከ1 ዶላር ወደ 50 ሳንቲም ወረደ። ፓሳዲና ሜትር በተከለች በዓመቱ ማለት ነው፣ በተቃራኒው አቅጣጫ። የተሰነጠቀው ንጣፍ ግን እንደተሰነጠቀ ቀረ፣ ሱቆቹም ባዶ መሆናቸውን አላቆሙም። ሹፕ ተማሪዎቹን ይዞ ዌስትዉድ ውስጥ ሰው ማቆሚያ ፍለጋ ምን ያህል እንደሚዞር ለካ። አንድ ሰው በአማካይ 3.3 ደቂቃ ነው የሚዞረው። ትንሽ ይመስላል፣ አይደል? 15 ብሎክ ላይ ዓመቱን በሙሉ ሲደመር ግን 950,000 ማይል ወጣ። አራት ጊዜ ጨረቃ የሚያደርስ መንገድ፣ በ15 ብሎክ ውስጥ፣ ቦታ ፍለጋ ብቻ።

ስለዚህ ሹፕ የሚለው ግልጽ ነበር። ዋጋው ልክ የሚሆነው በእያንዳንዱ ብሎክ ላይ ሁልጊዜ አንድ ወይ ሁለት ባዶ ቦታ ሲገኝ ነው፣ 85 በመቶ ያህል ሲሞላ። ከዚያ ካነሰ ዋጋው በዝቷል፣ ቀንሱ። ሁሌ ሞልቶ ከሆነ አንሷል፣ ጨምሩ። የተገኘውን ብር ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ አውሉት።

እኔ የመጨረሻዋን ነው አጥብቄ የምይዘው። ብዙ ከተማ ውስጥ የሜትር ብር ወደ አጠቃላይ ካዝና ይገባል። እዚያ ከገባ በኋላ ለፖሊስ ይሁን ለጡረታ ይሁን ለቤተ መጻሕፍት ማን ያውቃል። ክፉ ነገር ላይ ዋለ አላልኩም። ግን ለእትዬ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ወተቷንም አያዩ። ሎስ አንጀለስ ራሷ ለሜትር ገቢ ልዩ ፈንድ አላት፣ ሆኖም በጀት ሲጠብ ትርፉ ወደ አጠቃላይ ካዝና ሲዛወር ኖሯል። ሳንዲያጎ ውስጥ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ከሜትሩ ገቢ 45 በመቶው ሜትሩ ወዳለበት ሰፈር የፓርኪንግ ዲስትሪክት ይመለስ ነበር። ይሄ ከመቶው መቶ ባይሆንም ለሰፈሩ ትርጉም ያለው ብር ነው። ሙሉውን መመለስ ሜትር የሌላቸውን ድሃ ሰፈሮች ይበድላል የሚል ክርክር አለ፣ እኔም ክርክሩን አከብረዋለሁ። ለዚያ መልሱ ከፊሉን ማካፈል ይመስለኛል፣ ለሰፈሩ የሚመለሰው ግን በዓይን የሚታይ መጠን ይሁን።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። አንዱ የህንጻ ባለቤቶች ተስማምተው በራሳቸው ላይ መዋጮ የሚጥሉበት ነው። ከተማው ከንብረት ግብር ጋር አብሮ ይሰበስብላቸዋል፣ እነሱ ለጽዳትና ለጥበቃ ያውሉታል። ይሄ አሠራር በ1970 ቶሮንቶ ውስጥ ብሎር ዌስት ቪሌጅ ላይ ነው የተጀመረው፣ አሁን በብዙ ትልልቅ የአሜሪካ ከተሞች አለ፤ ኦልድ ፓሳዲናም አላት። ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አብዛኛው የሐበሻ ነጋዴ ተከራይ ነው። መዋጮው የሚጣለው ባለ ህንጻው ላይ ቢሆንም የኪራይ ውሉ (ሊዙ) ላይ «ተከራይ ይከፍላል» የሚል መስመር ካለ ብሩ የሚወጣው ከእናንተ ኪስ ነው፣ ድምፅ የሚሰጠው ግን ባለ ህንጻው። ሊዝ ስትፈርሙ ያቺን መስመር ፈልጉ።

አሁን የእትዬን ጥያቄ ልመልስ። እሳቸውስ የት ያቁሙ?

ፓሳዲና ለዚህም መላ ነበራት። ከዋናው መንገድ ጀርባ የሕዝብ ጋራዦች ተሠሩ፣ የመጀመሪያዎቹ 90 ደቂቃዎች ነጻ የሆኑ። ከበሩ ፊት ለፊት ማቆም የሚፈልግ ቸኳይ ሰው ሜትር ይከፍላል፣ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ወደ ጋራዥ ይሄዳል። በ1987 ደግሞ ሌላ ነገር ጀምረው ነበር፣ ምግብ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሐበሻ ሁሉ ቢያውቀው የምለው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ከተማ ሱቅን ወደ ምግብ ቤት ስትቀይሩ ለዚህን ያህል ስኩዌር ፊት ይህን ያህል የመኪና ቦታ አቅርቡ ይላል። የድሮ የጡብ ህንጻ ከየት ያመጣል? ስንቱ ነው ኩሽናውን አሠርቶ፣ ብሩን ጨርሶ፣ በፓርኪንግ ምክንያት ፈቃድ ያጣው። ፓሳዲና ግን ቦታ መሥራት የማይችል ነጋዴ በእያንዳንዱ የጎደለው ቦታ ልክ በየዓመቱ መጠነኛ ክፍያ ከፍሎ በሕዝብ ጋራዡ እንዲጠቀም ፈቀደች። በ2001 ክፍያው በዓመት 115 ዶላር ነበር፣ ለአንድ ቦታ። ጋራዥ ውስጥ አንድ ቦታ ገንብቶ ለመጨረስ በአሥር ሺዎች ዶላር እንደሚወጣ አስቡት። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ይሄንንም እወቁ፤ ከ2023 ጀምሮ ከዋና የባቡር ጣቢያ ወይም ቶሎ ቶሎ የሚመጣ አውቶቡስ ካለበት መገናኛ በግማሽ ማይል ውስጥ ከሆናችሁ ከተማው አብዛኛውን ጊዜ ያንን የፓርኪንግ ግዴታ ሊጥልባችሁ አይችልም። የክልሉ ሕግ ነው። ኪራይ ከመፈረማችሁ በፊት ለከተማው የፕላን ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ።

ሠራተኛውን በተመለከተ ልቤ ሁለት ቦታ ነው። እኔ በሰዓት ደመወዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። አስተናጋጇ ስምንት ሰዓት ስትሠራ በሜትር ልትከፍል አትችልም፣ ደመወዟ ያልቃል። ስለዚህ ሜትር ሲመጣ ለሠራተኛ የሚሆን ርካሽ ወርሃዊ ቦታ አብሮ መምጣት አለበት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶ ነው። የባንኩ ማቆሚያ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ባዶ ነው። ከሜትሩ ገቢ ትንሽ ቆርሶ እነዚህን መከራየት አዲስ ጋራዥ ከመሥራት በጣም ይረክሳል። ይሄ ሳይታሰብ ሜትር የሚተከል ከሆነ እኔም ከእትዬ ጋር ተሰልፌ እቃወማለሁ።

ስለ ቺካጎ ሳልነግራችሁ ግን አላልፍም። በዲሴምበር 2008 የቺካጎ ካውንስል በከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ የቀረበለትን ውል በጥቂት ቀናት ውስጥ 40 ለ5 አጸደቀው። 36,000 ያህል ሜትሮች ለ75 ዓመት ለግል ኩባንያ ተሰጡ። ከተማው በምትኩ ወደ 1.15 ቢሊዮን ዶላር በአንዴ ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት የከተማው ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት ሜትሮቹ ከሚያወጡት 974 ሚሊዮን ዶላር ያህል ዝቅ ብለው ነው የተሸጡት ብሎ ዘገበ። አብዛኛው ብር በጥቂት ዓመታት ውስጥ የበጀት ቀዳዳ ለመድፈን ዋለ። ዋጋው ግን በየመንገዱ ወዲያው ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ለበዓል ወይ ለጥገና መንገድ ዘግቶ ሜትሮቹ ሥራ ሲያቆሙ ለኩባንያው ካሳ ይከፍላል።

ፓሳዲናም ቺካጎም ብሩን ቀድመው ወስደዋል። ልዩነቱን ለእትዬ እንዲህ ነው ያስረዳሁት። አንዷ የመጀመሪያውን ዕጣ አውጥታ ቤቷን አደሰችና ዕቁቧን እየጣለች ቀጠለች፣ ሲያልቅ ሜትሩም ገቢውም የራሷ ነው። ሌላዋ ዕጣዋን ለልጅ ልጆቿ ዘመን ጭምር ለሌላ ሰው ሸጠች፣ ብሩንም ለአስቤዛ አዋለችው። የቺካጎ ነጋዴ አሁን በሩ ፊት ለፊት ባለው ሜትር ውስጥ የሚገባውን ሳንቲም ለመንገዱ አድርጉልኝ ቢል እንኳ ሳንቲሙ የከተማው አይደለም።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንባቢዎች ደግሞ የሜክሲኮ ከተማ ታሪክ ይቀርባችኋል። እዚያ መንገድ ላይ ማቆሚያውን ይዘው፣ ጨርቅ እያውለበለቡ መኪና የሚያስገቡና የሚያስከፍሉ ሰዎች ነበሩ፣ አሁንም በብዙ ሰፈር አሉ። በ2012 ፖላንኮ በሚባለው ሰፈር ከተማው ሜትር አስገባ፣ ከገቢው 30 በመቶው ለሰፈሩ የሕዝብ ቦታዎች እንዲውል አድርጎ። እኛ ጋ፣ አዲስ አበባ፣ በማህበር ተደራጅተው የወረቀት ትኬት የሚቆርጡ ወጣቶች አሉ። ብዙዎቹ በፀሐይና በዝናብ ቆመው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ናቸው። እነሱን አባርሮ ማሽን መትከል ጥሩ ሆኖ አይታየኝም። ግን እስቲ አስቡት፣ ከሚቆርጡት ትኬት የተወሰነው ለዚያው መንገድ ጽዳትና ለተሰበረ ንጣፍ ጥገና ቢመደብ፣ ሥራውንም ራሳቸው ወጣቶቹ ቢሠሩት፣ የሰበሰቡትንና ያወጡትን በየወሩ ለሰፈሩ ነጋዴ ቢያሳዩ። በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ብዙ መንገድ ሰፊ ንጣፍና መብራት አግኝቷል። ንጣፍ ግን ይነሳል፣ አምፑል ይቃጠላል። የጥገናው ብር ከየት እንደሚመጣ ከአሁኑ ማሰብ ይሻላል፣ ከመንገዱ ዳር ከሚቆሙት መኪኖች የተሻለ ቅርብ ምንጭም አይታየኝም።

ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። ሂሪንጉ፣ ከተማው ስለ ሜትሩ የሰዉን አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። እትዬ፣ የፀጉር ቤቱ ልጅ፣ የጥፍር ቤቷ ባለቤትና እኔ ሰኞ ዕለት ሱቁ ውስጥ ተሰብስበን ደብዳቤ ጻፍን። ሜትር አትትከሉ አላልንም። ገቢው በስማችን በተከፈተ ሂሳብ ይግባ፣ በየዓመቱ ምን ያህል ገብቶ በምን እንደወጣ በጽሑፍ ይሰጠን፣ ከነጋዴው መካከል የሚያይና የሚናገር ሰው ይመደብ፣ ለሠራተኞች ቦታ ይከራይልን አልን። ካልሆነ ግን እንቃወማለን ብለን በግልጽ ጻፍን። የጥፍር ቤቷ ባለቤት ቬትናማዊት ናት፣ ከብሎኩ ሌላ ጫፍ ያሉትን ሰባት ሱቆች በአንድ ከሰዓት አስፈርማ መጣች።

መጨረሻ ላይ የሚጠገኑትን ነገሮች ስንዘረዝር ወጣቱ የፀጉር ቤት ልጅ የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ያለው አግዳሚ ወንበር ይጻፍ አለ። እኔ ንጣፉን አልኩ። እትዬ ብዕሬን በእጃቸው ያዝ አደረጉት።

«መጀመሪያ መብራቱን ጻፍ» አሉ። «ማታ ስዘጋ ቁልፉን በዳበሳ ነው የማገኘው።»

መብራቱን አንደኛ ላይ ጻፍኩት።